የኤች አይ ቪ መከላከያ መርፌ ዋጋ እንዴት ሊወርድ ቻለ

የአንድ ሸቀጥ ዋጋ ለመሥራት በወጣው ገንዘብ ብቻ እንደማይወሰን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ለዚህም ሌናካፓቪር የተባለው የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በቂ ምስክር ነው።

መድኃኒቱ ቫይረሱ ለሌለበት ሰው በየስድስት ወሩ በመርፌ የሚሰጥ ሲሆን፣ በየቀኑ ክኒን ከመዋጥ ያሳርፋል። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በተደረገው ሙከራ፣ መርፌው ከተሰጣቸው 2,134 ሴቶች መካከል አንዲቱም በቫይረሱ አልተያዘችም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ ገበያ ላይ ሲውል፣ ጊልያድ የተባለው ኩባንያ ለአንድ ሰው የዓመት ዋጋውን 28,218 ዶላር አደረገው።

ይኸው ኩባንያ በ2024 መድኃኒቱን ሠርተው ለ120 አገሮች እንዲሸጡ ለስድስት አምራቾች ፈቃድ ሰጥቷል፤ ኢትዮጵያም ከነዚሁ አገሮች አንዷ ናት። ከአምራቾቹም ሔቴሮና ዶክተር ሬዲስ የተባሉት የሕንድ ኩባንያዎች ከ2027 ጀምሮ መርፌውን በዓመት 40 ዶላር ገደማ ለማቅረብ ተስማምተዋል። ብራዚልና ሜክሲኮ ግን፣ የመድኃኒቱ ሌላ ሙከራ በአገራቸው ጭምር የተደረገ ቢሆንም፣ ከፈቃዱ ውጭ ቀርተዋል።

ዋጋውን ያወረደው ቸርነት ብቻ አይደለም። የፈቃዱ መከፈት፣ የአምራቾች መብዛት፣ እንዲሁም የጌትስ ፋውንዴሽን ለሔቴሮ የሰጠው የግዢ ብዛት ዋስትና ነው።

ሆኖም 40 ዶላር የፋብሪካ ዋጋ ነው። ማጓጓዣው፣ መጋዘኑ፣ ምርመራውና መርፌውን የሚሰጠው ባለሙያ ገና ይጠበቃሉ። ዋጋው ረክሶ በመጋዘን የቀረ መድኃኒት ማንንም አያድንም።