ከጡት ወደ ብብት

በጎጃም ደጋ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ሰው እግሩ ሲያብጥ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዝሆኔ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጫማ የማያደርጉ ኢትዮጵያውያንን ሲያጠኑ ከአፈር የገባ ደቃቅ ብናኝ ብሽሽታቸው ውስጥ ባሉ የሊምፍ ዕጢዎች ተከማችቶ አገኙ። ከእግር የገባው ነገር የሊምፍን መስመር ተከትሎ ብሽሽት ላይ ይያዛል።

ጡትም የራሱ መስመር አለው። ከጡት የሚወጣው ሊምፍ አብዛኛው የሚያልፈው በብብት ነው፤ በዚያም ከ20 እስከ 30 የሚደርሱ ዕጢዎች አሉ። የካንሰር ሴል ከጡት ሲያመልጥ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው እነሱ ዘንድ ነው።

ሐኪሙ ብብትን በእጁ ይዳስሳል፤ እጅ ግን ያታልላል። ንፍፊት ከቁስልም ይመጣል፣ በካንሰር የተያዘ ዕጢም ሳይዳሰስ ሊቀር ይችላል። አልትራሳውንድ ከእጅ ይሻላል፤ የተያዘ ዕጢ ሞላላ ቅርጹን ትቶ ወደ ክብነት ያደላል። አጠራጣሪ ከሆነ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ ለፓቶሎጂ ባለሙያ ይሰጣል።

በእጅም በምስልም ምንም ካልታየስ? ድሮ የብብት ዕጢዎች በጅምላ ይወጡ ነበር። ከዚያ በኋላ የአንዳንዷ ሴት ክንድ እንደ ዝሆኔ እግር ያብጣል፤ መስመሩ ተቆርጧልና። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ጁሊያኖና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ አሳዩ። ጡት ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ይወጋል፤ ቀለሙ በሊምፍ ተጉዞ መጀመሪያ የደረሰባቸው አንድ ወይም ጥቂት ዕጢዎች ብቻ ወጥተው ይመረመራሉ። ንጹሕ ከሆኑ ሌሎቹ አይነኩም። (የታካሚዋ ሽንት ለአንድ ለሁለት ቀን ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቢሆን አያስደነግጥም።) ጨረር አመንጪ ቴክኒሺየም የሚጠቀሙም አሉ፤ እሱ ግን በ6 ሰዓት ውስጥ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ ለሩቅ ሆስፒታል አይመችም።

ለአገራችን ዋናው ነገር ቀለሙ አይመስለኝም። ብዙዎቹ ሴቶች ለሕክምና የሚመጡት በሽታው ከገፋ በኋላ፣ የብብቱ ዕጢ በእጅ ሲዳሰስ ነው፤ ለእነሱ አልትራሳውንድና መርፌው መልሱን ይሰጣሉ። ችግሩ የመርፌውን ናሙና የሚያነብ ባለሙያ በቅርብ ማግኘት ነው። ካንሰር መሆኑ ሲረጋገጥ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የጨረር ሕክምና ደግሞ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር የደብረ ማርቆስ ታካሚ አባይን ተሻግራ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረባት።

በጡት ወይም በብብት የወጣ ጠጣር እብጠት ስላላመመ ብቻ አይናቅ፤ የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ጤና ጣቢያ ስትሄጂም ጡትሽን ብቻ ሳይሆን ብብትሽንም እንዲያዩልሽ ጠይቂ።