የሙቀት ጠቋሚው ሲሳሳት፦ ከዓባይ በረሃ እስከ ደጀን

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚጓዝ መንገደኛ ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል። ድልድዩ ያለበት ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ደጀን ግን ከ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። መኪናው ይህን ዳገት የሚወጣው በ20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ፣ በከባድ ማርሽና በዝግታ ነው። ሞተሩ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፤ በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው ነፋስ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጊዜ ሹፌሩ የሚያምነው በዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን አንዲት ቀጭን ቀስት ነው። ከታች ከወንዙ እስከ ደጀን ድረስ ከቀዝቃዛው ምልክት ፍንክች ያላለች ቀስት ግን የሞተሩን ጤንነት ሳይሆን የተበጠሰ ሽቦን ልታመለክት ትችላለች።

በአሮጌ መኪኖች የቀስቷ አሠራር ቀላል ነው። ከሞተሩ ብረት ላይ የተተከለ ሴንሰር ጫፉ በውኃው ውስጥ ይነከራል። ውኃው ሲሞቅ የሴንሰሩ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ይቀንሳል፤ በኦም ሕግ መሠረትም የሚያልፈው ከረንት ይጨምርና ቀስቷን ወደ ላይ ይገፋታል። በመሆኑም ሽቦው ከተበጠሰ ቀስቷ ከታች ትቀራለች፤ ሽቦው ተልጦ ከመኪናው አካል ጋር ከተነካካ ደግሞ ሞተሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ወደ ላይ ትወረወራለች።

ምርመራው የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍተን፣ ሽቦውን ከሴንሰሩ ነቅለን ለአፍታ ያህል ብቻ ከሞተሩ ብረት ጋር እናነካካዋለን። ቀስቷ ከተነሳች ሽቦውም ጠቋሚውም ደህና ናቸው፤ ጥርጣሬው በሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ካልተነሳች ፊውዙን፣ ሽቦውንና ጠቋሚውን እንፈትሻለን። የነዳጁም ጠቋሚ አብሮ የተሳሳተ እንደሆነ ሁለቱ የሚጋሩትን የኤሌክትሪክ ምንጭ መጠርጠር ይገባል። ይህ ዘዴ ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ላላቸው አሮጌ መኪኖች እንጂ በኮምፒዩተር ለሚታዘዙት አይሆንም።

ሴንሰሩን ፈትቶ በፈላ ውኃ ውስጥ በመንከር ተቃውሞውን በኦም ሜትር መለካትም የተለመደ ነው። ሆኖም ደጀን ላይ ይህን የሚሞክር ተማሪ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ በወንዙ ዳር ደግሞ በ96 ገደማ። የሚለካው ተቃውሞ በመመሪያው ላይ ለ100 ዲግሪ ከተጻፈው ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ጤነኛውን ሴንሰር ጥሎ አዲስ ይገዛል፤ ችግሩም እንዳለ ይቀራል።

ይኸው 92 ዲግሪ ለሞተሩም አደጋ አለው። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት የሚከፈተው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው እንጂ፣ በደጀን ከፍታ የሚሠራ ሞተር ከመፍላት የሚለየው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነበር። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ይህን ጥበቃ ያሳጣል። ስለዚህ ቀስቷ ወደ ላይ በወጣች ቁጥር ዋሽታለች ብለን አንፍረድባት፤ አስቀድሞ ክዳኑ ይታይ።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ቀስቷ ዝቅ ያለችበት ጊዜ ነው። ውኃው ጎድሎ የሴንሰሩ ጫፍ ከውኃ ውጭ ከቀረ፣ ቴስታታው እየጋለ ቀስቷ ልትወርድ ትችላለች። ዳገት ላይ ቀስቷ በድንገት ከወረደችና የመኪናው ማሞቂያም ቀዝቃዛ አየር መንፋት ከጀመረ፣ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ያስፈልጋል። ክዳኑንም ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ መክፈት አይገባም፤ ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ከ92 ዲግሪ በላይ የሞቀው ውኃ በቅጽበት ፈልቶ እንፋሎቱ የከፋቹን ፊት ያቃጥላል።