ዝናቡን ከላይ የሚስበው ነፋስ

ሐምሌ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከሐሙሲት ወደ ጉና ተራራ ያንጋጠጠ ሰው ሰማዩ ለሁለት ተከፍሎ ሲሠራ ያያል። ዝቅ ያለው ጥቁር ደመና ከጣና በኩል እየተነዳ ወደ ደጋው ይወጣል። የነጎድጓዱ ደመና አናት ግን በረዷማ መጋረጃ ሆኖ በተቃራኒው ወደ ምዕራብ ይጎተታል።

አናቱን የሚጎትተው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምሥራቅ የሚነፍስ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ፈጣን ነፋስ ነው። ህንዳዊው የሜትዮሮሎጂ ባለሙያ ፒ. ኮቴስዋራም እ.ኤ.አ. በ1958 ስለዚሁ ነፋስ ጽፏል። ደቡብ ህንድ ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ አፍሪካ ሲደርስ ረገብ ይላል።

መነሻው ሙቀት ነው። የአየር ግፊት ከበላያችን ያለው አየር ክብደት ስለሆነ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ይቀንሳል፤ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር ውኃ 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚፈላውም ለዚህ ነው። አቀናነሱ ግን በየቦታው ይለያያል። የሞቀ አየር ተለጥጦ ሽቅብ ይረዝማል፣ የቀዘቀዘው ተጠጋግቶ ያጥራል። ስለዚህ እኩል ከፍታ ላይ ቢለካ ሞቃቱ አገር ገና ብዙ አየር ከበላዩ ይቀረዋል፤ ግፊቱ ይበልጣል። አየሩም ግፊቱ ወዳነሰበት ይነሳል፤ ምድር ስለምትሽከረከር ግን፣ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ፣ መንገድ ላይ ወደ ቀኙ ይታጠፋል።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሙቀቱ በደቡብ፣ ብርዱ በሰሜን ስለሆነ ጄቱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሮጣል። በእኛ ክረምት እስያ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ የቲቤት አምባ በፀሐይ ሲግል ከበላዩ ያለው አየር በደቡብ ካለው የህንድ ውቅያኖስ አየር ይልቅ ይሞቃል። ወደ ደቡብ የተነሳው አየር ወደ ቀኙ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ ታጥፎ የአረብ ባሕርን ተሻግሮ ኢትዮጵያ ይደርሳል።

የሐሙሲት ገበያ የጤፍ ዋጋ ከቲቤት ፀሐይ ጋር ይገናኛል ቢባል የሚስቅ አይጠፋም። ግን ይገናኛል። ወደ ተራራው የሚወጣው እርጥብ አየር ከላይ ማለፊያ ካላገኘ ጭስ መውጫ እንደሌለው ማድቤት ይታፈናል፤ ጄቱ ሲበረታ አየሩን ከአናቱ ጠርጎ ይወስድለታል፣ ደመናውም ያድጋል። በኤልኒኞ ዓመት፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው ሲሞቅ፣ ጄቱ ይደክማል። ኃይለኛ ኤልኒኞ በነበረበት በ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በብዙ የአገሪቱ ክፍል አነሰ፤ በተከታዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ጠባቂ ሆነ። የክረምት ትንበያ የሚያወጡ ባለሙያዎች ገና በበልግ የፓስፊክን ውቅያኖስ ሙቀት የሚከታተሉት ለዚሁ ነው።