የቢሾፍቱ ሐይቆች ዳርቻ የማን ነው?

የአዲስ አበባ-አዳማ የክፍያ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ መንገደኛው ቢሾፍቱን የግድ አያቋርጣትም። ወደ ከተማዋ የሚታጠፈው አብዛኛው ሐይቅ ፈልጎ ነው፤ ከዋና ከተማው 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱና አረንጓዴ ሐይቅ ይገኛሉና አይፈረድበትም። ችግሩ፣ ውሃውን በቅርበት የሚያየው ብዙውን ጊዜ ከሆቴል በረንዳ ላይ፣ ሒሳብ ከፍሎ መሆኑ ነው። መክፈል ያልቻለ ከግንብ አጥር ውጭ ይቀራል። በእኔ እምነት በየሐይቁ ዙሪያ ማንም የማያጥረው፣ ግንባታም የማይገባበት የሕዝብ ዳርቻ ሊከለል ይገባል።

ይህን የምለው ለፍትሕ ብቻ ብዬ አይደለም፤ የውሃው ጠባይም ያስገድዳል። ሐይቆቹ የተኙት የቀለጠ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ምድሪቱን ባፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ዙሪያቸው ገደል ነው፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ወደ 87 ሜትር ይጠጋል። ከውስጣቸው የሚወጣ ወንዝ ስለሌለ ከአፋፉ የወረደ አፈር፣ ማዳበሪያና የሽንት ቤት ፍሳሽ እዚያው ይከማቻል። በታኅሣሥና በጥር ብርድ የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ኦክስጅን ካጠረው ከታችኛው ጋር ሲደባለቅ ዓሣው ይታፈናል። ይህ በተፈጥሮም የሚደርስ ነው፤ ፍሳሽ ሲጨመርበት ግን አደጋው ይከፋል።

ሆቴሎቹ ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆነዋል የሚለው ክርክር እውነት አለው፤ ይፍረሱ የሚልም የለም። ነገር ግን እንግዳው የሚመጣው ለሐይቁ ነው፤ ውሃው ከሸተተ አልጋው ባዶውን ያድራል። ዳርቻው ክፍት ከሆነ ይቆሽሻል የሚሉም አሉ። አጥር የሚያግደው ሰውን እንጂ ፍሳሽን አይደለም፤ እንዲያውም ከጀርባው የሚለቀቀውን ማንም እንዳያይ ይጋርዳል። የክፍት ዳርቻን ዋጋ ለማወቅ ሆራን፣ ማለትም ሆራ አርሰዲን፣ ማየት ይበቃል። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ በሚውል እሑድ በኢሬቻ በዓል ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ይወርዳል፣ ውሃው ውስጥ ነክሮ ያመሰግናል። ያ ዳርቻ በግንብ ቢዘጋ ኖሮ በዓሉ ወዴት ይሄድ ነበር?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ደንግጓል። የከተማው አስተዳደር አዲስ የሊዝ ውል ሲፈርም የሕዝቡን መተላለፊያና የፍሳሽ ማጣሪያን ግዴታ ያድርግ። እርስዎም በሚቀጥለው ጉዞዎ ቢሾፍቱ ሲያርፉ፣ አልጋ ከመያዝዎ በፊት የሆቴሉ ፍሳሽ የት እንደሚገባ ይጠይቁ።