ዝንጅብል ያስተማረን የጤና ትምህርት

ጤናን ካጡት በኋላ ከመፈለግ ይልቅ ሳያጡት መጠበቅ ይሻላል። የሕንድ ሊቃውንት ይህን አስቀድመው ስላወቁ ጥንታዊ ሕክምናቸውን አዩርቬዳ፥ ማለት የሕይወት ዕውቀት አሉት፤ በምግብ፥ በእንቅልፍና በሥራ ልክን መጠበቅንም ከመድኃኒት አስቀደሙ። ዝንጅብልንም በሳንስክሪት ቋንቋ የሁሉ መድኃኒት ብለው ሰየሙት።

ይህ ሥር ለጠምባሮ ከተማ ለሙዱላ እንግዳ አይደለም፤ በዚያ አገር ዝንጅብል ለቤት መድኃኒት፥ ለገበሬውም የገንዘብ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን በ2004 ዓመተ ምሕረት የሚያጠወልግ የባክቴሪያ በሽታ ተነሥቶ ሰብሉን አጠፋው፤ የሁሉ መድኃኒት የተባለውም ለራሱ መድኃኒት አጣ። በሽታው በተበከለ ዘርና በአፈር ስለሚተላለፍ፥ መከላከያው ንጹሕ ዘር መትከልና ሰብልን ማፈራረቅ ነው።

የሰውም ሰውነት እንዲሁ ነው። ዝንጅብል አፍልቶ መጠጣት ማቅለሽለሽን እንደሚያስታግሥ የዛሬ ሐኪሞችም መስክረዋል፤ ነገር ግን ወባን ወይም የሳንባ ምችን አያድንም። መጠኑ ያለፈ ኮሶ ዓይን እንደሚያጠፋ፥ በአንዳንድ የአዩርቬዳ መድኃኒትም እርሳስ እንደ ተገኘ መርሳት አይገባም። ስለዚህ የቤተ ሰብ ጠባቂ የሆነ ሁሉ ንጹሕ ውሃን፥ ልከኛ ምግብንና በቂ ዕረፍትን ያስቀድም፤ ትኩሳት የጸናበትን ሕፃን ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ያድርስ።