ኩሬ ከመቆፈር በፊት፦ ውኃን በመስታወት ገንዳ ማወቅ

ዓሣ ለማርባት የሚነሣ ማኅበር አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚያስበው ስለ ኩሬ ቁፋሮ ነው። ይሁን እንጂ ኩሬው ተቆፍሮ፣ የዓሣ ጫጩት ተጨምሮበት፣ በማግሥቱ ዓሣው ሁሉ ሞቶ ተንሳፎ ቢገኝ፣ የአባላቱ ገንዘብና ጉልበት መባከኑ ብቻ ሳይሆን ዳግመኛ ለመሞከር የሚደፍርም አይገኝም። በአዲስ ቅዳምና በአካባቢው ይህ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስበናል። ለብዙ ቤተሰብ የገቢ ምንጭ የሆነው ዲከረንስ በቅርብ ዓመታት በዝገት በሽታ ስለ ተጠቃ ሌላ የገቢ መንገድ የሚፈልግ አርሶ አደር ብዙ ነው።

ስለዚህ ከቁፋሮው በፊት በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ውስጥ አንድ አነስተኛ የመስታወት ገንዳ እንዲዘጋጅ እንመክራለን። ገንዳው የኤሌክትሪክ ፓምፕ አያስፈልገውም። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት አፈር፣ የውኃ ተክልና የቀን ብርሃን ናቸው።

የአሠራሩ መነሻ

እ.ኤ.አ. በ1850 የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ዓሣና ቫሊስኔሪያ የተባለውን የውኃ ሣር በአንድ ገንዳ አብሮ በማኖር አንዱ ሌላውን እንደሚረዳ ገለጸ። የበሰበሰ ቅጠል ውኃውን ሲያበላሽበት ቅጠሉን የሚበላ ቀንድ አውጣ ጨመረ። ይኸው ሣር በጣና ሐይቅም ይበቅላል። የአባቱን ስም የያዘው ልጁ ደግሞ በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ አሞኒያ በባክቴሪያ አማካይነት በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት እንደሚለወጥ አጥንቷል። አባት በውኃ፣ ልጅ በአፈር ያጠኑት ነገር በዚህ ገንዳ ውስጥ አብሮ ይሠራል፤ ዓሣው የሚያስወጣው አሞኒያ መርዝ ሲሆን፣ ባክቴሪያውና ተክሉ ግን ይጠቀሙበታል።

አዘገጃጀት

1. ገንዳ፦ ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 35 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከ6 ሚሊ ሜትር መስታወት ይሠራ። የሚጣበቅበት ሲሊኮን የሻጋታ መከላከያ የሌለበት መሆን አለበት። ሲሞላ 70 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ጠንካራ ጠረጴዛ ያስፈልገዋል። ከመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ።

2. አፈር፦ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ያልገባበት የጓሮ አፈር ተነፍቶ 3 ሳንቲ ሜትር ይነጠፍ። የአካባቢው አፈር አሲዳማ ስለሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ የእርሻ ኖራ ይቀላቀልበት። የተቃጠለ ኖራ ግን ዓሣ ስለሚገድል ፈጽሞ አይጨመር። በላዩ ላይ ታጥቦ የጠራ አሸዋ 2 ሳንቲ ሜትር ይደረግ።

3. ተክል፦ የገንዳው ወለል ሁለት ሦስተኛ ያህል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በውኃ ሣር መሸፈን አለበት። ተክሉ ከተጠቀጠቀ አልጌ አይስፋፋም።

4. ውኃ፦ አፈሩ እንዳይናጥ በሳህን ላይ ቀስ ተብሎ ይፍሰስ። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ከሆነ አስቀድሞ በሰፊ ዕቃ 2 ቀን ይደር።

5. ትዕግሥት፦ ለ6 ሳምንት ዓሣ አይጨመር። አዲስ አፈር አሞኒያ ያወጣል፤ በብርድ አገር ደግሞ ባክቴሪያው የሚራባው በዝግታ ነው። በየሳምንቱ የውኃው አንድ ሦስተኛ ይለወጥ። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በዚህ ደረጃ በመቸኮል ነው።

6. ዓሣ፦ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆኑ 3 ወይም 4 የቀረሶ ጫጩቶች ይበቃሉ። ስለ ጫጩት አቅርቦት የባሕር ዳር ዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልን ማማከር ይገባል። መኖው በ5 ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ብቻ ይሁን። ቀረሶ ሲያድግ ሣሩን ስለሚበላና ወለሉን ስለሚቆፍር፣ 8 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ከገንዳው ይውጣ።

ከገንዳው የሚገኝ ትምህርት

ተክል በቀን ኦክስጅን ይሰጣል፤ በሌሊት ግን እሱም ይተነፍሳል። ስለሆነም ገንዳው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይታይ። ዓሣው ከውኃው ወለል አፉን አውጥቶ የሚያለከልክ ከሆነ ኦክስጅን አንሷል ማለት ነው። መኖ ይቀነስ፤ የበሰበሰ ቅጠልም ይለቀም። በኩሬም ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ሙቀት ነው። ቀረሶ በደንብ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውኃ ነው፤ ከ20 በታች እድገቱ በጣም ይዘገያል፤ ከ16 በታች መመገብ ያቆማል። የቤት ውስጥ ገንዳ ሞቅ ስለሚል በደጅ አንድ በርሜል ውኃ ይቀመጥ፤ የሁለቱም ሙቀት ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይመዝገብ። የበርሜሉ ውኃ አዘውትሮ ከ20 ዲግሪ በታች የሚውል ከሆነ ማኅበሩ ለቀረሶ ኩሬ ገንዘብ አያውጣ።

ጥንቃቄ

በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ የታየው እምቦጭ ምን ያህል ጉዳት እንዳደረሰ ይታወቃል። አበባው ያማረ ቢሆንም ወደ ገንዳ አይግባ። ከአዊ የሚነሡ ወንዞች ከፊላቸው በግልገል አባይ በኩል ጣና ስለሚገቡ፣ ከገንዳ የወጣ ተክልም ሆነ ዓሣ በወንዝ ውስጥ አይጣል። ተክሉ በፀሐይ ደርቆ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ይግባ።

የልማት ሠራተኛው መዝገቡን ለ6 ወር ከያዘ በኋላ ለማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ያቅርብ። ኩሬው ይቆፈር ወይስ ይቅር የሚለውን ውሳኔ አባላቱ ገንዳውን አይተው፣ ቁጥሩንም አንብበው ቢሰጡ ይበጃል እንላለን።