ለምን ይሮጣሉ?

አንባቢ ሆይ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ በደሴ ከተማ ከቤትዎ ወጥተው ያውቁ ይሆን? የጦሳ ተራራ ጭጋጉን እንደ ጋቢ ተከናንቦ፣ ከመስጊዱ አዛኑ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወሉ በሚሰማበት በዚያ ብርድ፣ ወደ ሆጤ ሜዳ የሚሮጡ ሰዎች ያጋጥሙዎታል። አንደኛው ከአንገት እስከ እግር የስፖርት ልብስ ለብሷል። ሁለተኛው የቢሮ ሸሚዙን በሹራብ ሸፍኖ፣ ጫማውም ለሩጫ ይሁን ለሰርግ የተገዛ አይታወቅም። ሦስተኛዋ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ታልፋለች። ከአንድ አጥር ሥር ደግሞ «ኃይሌ! በርታ!» የሚል ሕፃን አይጠፋም።

ሕፃኑ አይፈረድበትም። በአገራችን ሩጫ የጀግና ሥራ ሆኖ ስለተቆጠረ፣ የሚሮጥ ሰው ሁሉ ወይ ለሜዳልያ የሚዘጋጅ ነው፣ ወይም አንድ ነገር ነክቶታል ይባላል። ስለዚህ ብዙ ሰው ለመሮጥ እያሰበ ያፍራል፤ «እኔ እንደ አበበ ቢቂላ ልሆን ነው?» ብሎ ብርድ ልብሱን ይስባል። እስቲ ዛሬ ይህን እፍረት ወደ ጎን እንተወውና፣ ሰው ለመሮጥ የሚነሣበትን ምክንያት አንድ በአንድ እየጠየቅን እንሂድ።

ከራሱ ከአበበ እንጀምር። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን የኦሊምፒክ ጨዋታ የተካፈሉ ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በሰልፍ ሲያልፉ፣ የክቡር ዘበኛ ወታደር የነበረው አበበ በጀርባቸው ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ልብስ አይቶ፣ እነዚህ እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀ ይባላል። መልሱን በሰማ ጊዜ ያን ልብስ መልበስ ተመኘ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ሲተረክ ኖሯል፤ እኛም የምንወደው ስለ ትንሽነቱ ነው። አንድ ወጣት ወታደር ልብስ አማረው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ እኛ የእንቁጣጣሽን ችቦ በምናዘጋጅበት ማታ፣ በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ 42 ኪሎሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። ከአራት ዓመት በኋላም በቶኪዮ፣ ትርፍ አንጀቱ ከወጣለት ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ሁለተኛውን ወርቅ አገኘ።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴስ? አሰላ አካባቢ ተወልዶ ያደገው ይህ ሰው መጀመሪያ የሮጠው እንዳይረፍድበት ነው። ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎሜትር ያህል ይርቅ ስለነበር፣ ደብተሩን በክንዱ ሥር ይዞ ይሮጥ ነበር፤ ትልቅ ሯጭ ከሆነ በኋላም ያ ክንዱ ደብተር እንደ ያዘ ታጥፎ ቀረ። በ1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ የ5,000 እና የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ሲጠራርግ በሬዲዮ የሰማው ሕፃን ልቡ ተነሣሣ፤ እግሩ ግን ከዚያ በፊት ሩጫን የለመደው ሰዓት እንዳያልፍበት ሲሮጥ ነው።

ከባሕር ማዶ የቼኮስሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ ታሪክ ደግሞ ያስቃል። በባታ የጫማ ፋብሪካ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ፋብሪካው ባዘጋጀው ውድድር ውስጥ ግባ ተባለ። አልፈልግም፣ ደካማ ነኝ አለ። ሐኪም መረመረውና ጤነኛ ነው ብሎ መለሰው። ያለ ውዴታው ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። በፈረንጆች 1952 በሄልሲንኪ የ5,000 ሜትሩን፣ የ10,000 ሜትሩንና የማራቶኑን ወርቅ በአንድ ኦሊምፒክ ጠቅልሎ የወሰደው ይኸው እምቢተኛ ነው።

እንግዲህ ልብስ ማማር፣ መዘግየትን መፍራት፣ የአለቃ ትእዛዝ፤ ሦስቱ ታላላቆች የተነሡት ከእነዚህ ነው። የእርስዎ ምክንያት ከእነዚህ ያነሰ ነው ብለው የሚያፍሩበት ነገር አይታየንም።

አሁን ወደ እርስዎ ወንበር እንምጣ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይቀመጣሉ፤ ለምሳ ይነሣሉ፤ እንደገና ይቀመጣሉ። በፈረንጆች 1953 ጄረሚ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪምና ጓደኞቹ የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አጥንተው ነበር። ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ በአንድ መኪና ይውላሉ፤ ደመወዛቸውና ሰፈራቸው ያን ያህል አይለያይም። ልዩነቱ ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ መቀመጡ፣ ትኬት ቆራጩ ደግሞ በቀን ብዙ መቶ ደረጃ መውጣት መውረዱ ነው። በልብ በሽታ ይበልጥ የሚጠቃውና በድንገት የሚሞተው ሾፌሩ ሆኖ ተገኘ። ሞሪስ በዚህ አላበቃም፤ በእግሩና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድለውን ፖስተኛ በጠረጴዛ ከሚሠራው የመንግሥት ጸሐፊ ጋር አስተያየ። አሁንም የተጎዳው ተቀማጩ ነው። ጸሐፊ የሆኑ አንባቢዎቻችን ይህን ሲያነቡ ወንበሩ ትንሽ ሳይቆረቁራቸው አይቀርም! ሐኪሙ በኋላ በአገሩ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ ሌላ ጥናት አካሂዶ፣ ከሥራ ውጭ ሰውነታቸውን በብርቱ የሚያንቀሳቅሱት በልብ በሽታ የሚያዙት ካልተንቀሳቀሱት ባነሰ መጠን መሆኑን በ1973 አሳተመ። እርሱም ራሱ ይሮጥ ነበር፤ የሞተው በ2009፣ በ99 ዓመቱ ነው።

ስለዚህ «ሐኪም የደም ግፊት አለብህ አለኝ»፣ «ስኳሬ ከፍ ብሏል»፣ «ሱሪዬ አልቆለፍ አለኝ» ብሎ ሆጤ ሜዳ የሚመጣ ሰው ከሁሉ የበለጠ ቁም ነገረኛ ነው ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይበቃል ይላል። 75 ደቂቃ ማለት በሳምንት ሦስት ጊዜ 25 ደቂቃ ነው፤ አንድ ቡና ከአቦል እስከ በረካ ከሚፈጀው ያነሰ ጊዜ!

ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ የሚሮጠው ሐኪም ስላዘዘው አይደለም። አንድ ወጣት ከቆላ አገር ደሴ ተመድቦ መጣ እንበል። ሳላይሽ ወይም ቧንቧ ውሃ አንዲት ክፍል ተከራየ። ዘመድ የለውም። ማታ ከሥራ ሲወጣ አራቱ ግድግዳ ይጠብቀዋል፤ ከግድግዳው ሲሸሽ መጠጥ ቤቱ ይጠብቀዋል። ይህ ሰው ጠዋት መሮጥ ቢጀምር ምክንያቱ ብቸኝነት ነው። በሁለተኛው ሳምንት «እንዴት አደርክ» የሚለው ሰው ያገኛል፤ በወሩ፣ አንድ ቀን ቢቀር «ምነው ትናንት ጠፋህ?» የሚለው አያጣም። ይህን የመሰለ ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ላጣ እንግዳ ምን ያህል ውድ እንደሆነ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው።

ተማሪውም የራሱ ምክንያት አለው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር ከተፈታኙ መካከል ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጣው ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ መሆኑን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ ወዲህ ለፈተና የሚቀመጥ ልጅ በጭንቅላቱ ውስጥ ምን ይዞ እንደሚያድር መገመት አያዳግትም። ግማሽ ሰዓት ሮጦ፣ ተጣጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ደብተሩን የሚከፍት ልጅ ውጤቱ እንደሚያምር ዋስትና አንሰጥም፤ እንቅልፉ ግን ሳይሻሻል አይቀርም።

ኀዘንም ሰውን ያስሮጣል። በእኛ አገር ድንኳኑ እስኪነሣ ሰው ከሐዘንተኛው አይለይም። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ጭር ይላል፤ የሚከብደው ያን ጊዜ ነው። በሕንድ አገር በፑንጃብ የተወለደው ፋውጃ ሲንግ ልጁ በአደጋ ከሞተበት በኋላ ወደ ለንደን ሄዶ ሩጫ ሲይዝ ዕድሜው ወደ 90 ተጠግቶ ነበር። በ2011 በቶሮንቶ ማራቶን ሲፈጽም የመቶ ዓመት ሰው ነኝ አለ፤ የልደት ወረቀት ስላልነበረው መዝጋቢዎች አልተቀበሉትም እንጂ። በ2025 መኪና ገጭቶት እስኪሞት ድረስ መንቀሳቀሱን አላቆመም ነበር።

ደሴና ኮምቦልቻም የራሳቸው ሸክም አለባቸው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ልጁን ያዘለና ዕቃውን የተሸከመ ሰው ጎርፎበታል። ከዚያ ቀን በኋላ ሩጫ የሚለውን ቃል መስማት የማይወድ ሰው አለ፤ አንፈርድበትም። በአማርኛችን «የኑሮ ሩጫ» እንላለን፣ የሞተውንም «ሩጫውን ጨረሰ» እንለዋለን፤ የሸሸውንም ሮጠ እንላለን። ማንም ሳያባርረው፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ደስ ባለው ሰዓት የሚሮጥ ሰው ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነገር እያደረገ ነው።

ስለ ገንዘብም ሳናነሣ ብናልፍ ሐቀኞች አንሆንም። ብዙ ወጣት የሚሮጠው ድህነትን ሮጦ ለማምለጥ ነው፤ ይህም ክቡር ምክንያት ነው። ነገር ግን ከሩጫ በሚገኝ ሽልማት ቤት የሠራ ሰው በቴሌቪዥን ይታያል፤ ጉልበቱ ተጎድቶ ትምህርቱንም ሩጫውንም ያጣው ግን አይታይም። እንግዲህ ተማሪ ከሆኑ ደብተሩን አይጣሉት፤ ኃይሌም ቢሆን ይዞት ነበር የሚሮጠው። በኦሊምፒክ ሰሞን ብድግ ብሎ በሳምንቱ የሚተወውን ሰው በተመለከተ ደግሞ አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ጨርሰውታል።

ለሴቶች አንባቢዎቻችን አንድ ቃል። በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና፣ በ1988 ዓ.ም. ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶን ወርቅ ካገኙ በኋላ እንኳ፣ በመንገድ ላይ የምትሮጥ ሴት መንገደኛ ሳይለክፋት አታልፍም። ይህ የሯጯ ሳይሆን የለካፊው ነውር ነው። ብቻዎን ከመውጣት ይልቅ ግን ከአንዲት ጓደኛ ጋር ቢወጡ ለጥንቃቄም ለወሬም ይመቻል።

ምክንያትዎን ከመረጡ ዘንድ፣ ደሴ ላይ የሚፈታተነው ዳገቱ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክሲጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢያለከልክ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ኩላሊቱ ይህን ጉድለት ሲያውቅ ሰውነቱ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲያበዛ ያዛል፤ ይህም ሳምንታትን ይፈጃል። እስከዚያው ሁለት ደቂቃ መሮጥ፣ ሁለት ደቂቃ መራመድ ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እየሮጡ ከጓደኛዎ ጋር ማውራት ካልቻሉ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ደረቱን የሚወጋው ወይም የሚያዞረው ሰው ግን ቆሞ ሐኪም ይጠይቅ።

የሐረጎን ቁልቁለት በእግር ለመሞከር የሚያስብ ወጣት አይጠፋም። እስከ ኮምቦልቻ ያለው 25 ኪሎሜትር ያህል ስለሆነ ከግማሽ ማራቶን ትንሽ ይበልጣል፤ ሲያስቡት ያጓጓል። እኛ ግን አንመክርም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቀደደው ይህ ጠመዝማዛ መንገድ ዛሬ ከባድ መኪና የሚርመሰመስበት ነው፤ ቁልቁለቱም ጭንን ከዳገት ይበልጥ ይቀጠቅጣል፤ በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ በጎን መውረድ ያመጣል።

ይልቅስ ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ኮምቦልቻ ይውረዱ። ከደሴ 650 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል አየሩ ሞቅ ያለ፣ ሜዳውም ደልዳላ ነው። ደሴ ላይ ለሁለት ወር ዳገት የገፋ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ትንፋሹ እንደ ብድር ተመላሽ ገንዘብ ድንገት ይመጣለታል። ፀሐይዋ ስለምትበረታ ግን ከሁለት ሰዓት በፊት ይጨርሱ፤ ውሃም ይያዙ። ሲመለሱ በመስኮት በኩል ይቀመጡ፤ ሹራብዎንም አይርሱ፤ መኪናው ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲገባ ብርዱ ላብዎ ሳይደርቅ ይቀበልዎታል።